መጥሪያ ደረሰሽ ማለት ተፈረደብሽ ማለት አይደለም

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ፈቃድ ሳይኖር ጠበቃ ነኝ ማለት ራሱ ስለሚያስከስስ ነው። ሥራዬ ራፖር መጻፍ ነው። ፒያሳ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ፣ ክስ፣ የክስ መልስና የይግባኝ ቅሬታ ስጽፍ 31 ዓመት ሆነኝ። በኦሊቬቲ ታይፕ ጀምሬ አሁን «ሸ» ፊደሉ ካልተደበደበ በማይሠራ ኮምፒውተር ላይ ደርሻለሁ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያ አጠገብ የነበረችው ጠባብ ክፍሌም አብራ ሄደች፤ ዛሬ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ግማሽ ጠረጴዛ ተከራይቼ እሠራለሁ። ደንበኞቼ በሳምንቱ ፈልገው አገኙኝ። ቀጠሮ ያለበት ሰው ሰፈር ፈረሰ ብሎ አይቀርም።

ባለፈው ግንቦት 11 ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት መጣች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባዋለች። ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች፤ ከፌስታሉ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ወረቀት።

«ጋሼ፣ ተፈረደብኝ» አለችኝ።

«ማን ፈረደብሽ እህቴ?»

«ይኸው፣ ማኅተም አለበት።»

ገለጥኩት። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። የከሳሽ ስም፣ የተከሳሽ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎት፣ ቀን፣ ሰዓት። ክሱ ከነማስረጃው በስፒል ተያይዟል። ቀጠሮው ለነገ፣ ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ መልሷንም በጽሑፍ ይዛ እንድትቀርብ ያዛል። ወረቀቱ የደረሳት ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ልጆቿ እንዳያዩባት ከፍራሽ ሥር አድርጋ ስትተኛበት ከርማለች።

ፍርድ ቤት የሚረታ ሰው ሁሉ እውነት ስለሌለው አይምሰላችሁ። በእነዚህ ዓመታት ካየኋቸው ተረቺዎች ስንቶቹ የወደቁት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል ስላላወቁት ነው። እሷም ለመረታት 17 ሰዓት ነበር የቀራት።

መጥሪያ ጥሪ ነው፣ ሌላ አይደለም። ከሳሽ እንዲህ ብሏል፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ማለት ነው። አደጋው የሚመጣው ያልሄዱ እንደሆነ ነው። ተከሳሽ መጥሪያ ደርሶት ከቀረ ነገሩ እሱ በሌለበት ይሰማል፤ ዳኛው የሚያየው የከሳሽን ወረቀት ብቻ ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78 ለዚህ መጠነኛ ቀዳዳ ትቷል። መጥሪያው በደንቡ ያልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት የቀረ ሰው፣ መፈረዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ ይነሣልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። «ፈርቼ ፍራሽ ሥር ደበቅኩት» የሚል ምክንያት ግን ጽፌ አላውቅም፤ ብጽፈውም የሚቀበለኝ ዳኛ ያለ አይመስለኝም።

ክሱን አነበብኩት። የጎረቤቷ ልጅ አንድ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ዋስ አምጣ ተብሎ እሷ ፈርማለታለች። ልጁ በስምንተኛው ወር ጠፋ፤ 85,000 ብር ጎደለ፤ ቀጣሪው እሷን ከሰሰ።

ይህ «ዋስ» የሚባል ቃል ብዙ ሰው አቃጥሏል፤ ምክንያቱም ሁለት ቤት አለው። በወንጀሉ ቤት ዋስ ማለት ተጠርጣሪው በቀጠሮው ቀን እንደሚቀርብ ማረጋገጫ የሚሆን ሰው ወይም ገንዘብ ነው። በዋስ የወጣ ሰው ነጻ የወጣ ሰው አይደለም፤ ከውጭ ሆኖ እየጠበቀ ያለ ሰው ነው። ሰፈር ውስጥ ግን «በዋስ ወጣ» ሲባል ቡና ይፈላል፣ ቀጠሮው ይረሳል፣ ያስያዘው ገንዘብ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፣ ሰውዬውም ተይዞ ይመለሳል። በፍትሐ ብሔሩ ቤት ደግሞ ዋስ ማለት ባለዕዳው ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ ያለ ሰው ነው። የእሷ ይኼኛው ነው።

ከክሱ ጋር የተያያዘውን የዋስትና ቅጽ ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። «ለሚደርሰው ጉድለት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዋ። «ሁሉ» ስንት ብር ነው? ቅጹ አይናገርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ግን ዋሱ የሚገባበት ገንዘብ ከፍተኛው ልክ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። (ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ምሁር ናቸው፤ በፈረንሳይኛ ጽፈውት ወደ አማርኛ የተመለሰ ስለሆነ አንዳንዱ አንቀጽ ትንፋሽ ያሳጥራል። ይኼኛው ግን እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው።) የመከላከያዋን ማስረጃ ከክሱ ጋር አያይዞ ያመጣላት ራሱ ከሳሹ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተኛችበት ወረቀት እሱ ነበር።

ስጽፍ እሷ ከጎኔ ሆና እያንዳንዱን ቃል ትጠይቀኛለች። «ተከሳሽ ስባል ሌባ ተባልኩ ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለም። ከሳሽ የጠየቀ፣ ተከሳሽ የተጠየቀ ነው። ደግሞም ስሙ አይጸናም። ነገሩ በይግባኝ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሄድ ያቺው ሰው «ይግባኝ ባይ» ወይም «መልስ ሰጪ» ትሆናለች፤ ሰበር ስትደርስ «አመልካች» ወይም «ተጠሪ» ትባላለች፤ ሁሉም አልቆ አፈጻጸም ላይ ሲደረስ «የፍርድ ባለመብት» ወይም «የፍርድ ባለዕዳ» ትሆናለች። አራት ፎቅ፣ አራት ስም። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ በሰበር መዝገብ ላይ «ተጠሪ» መባላቸውን አይተው እንደገና የተከሰሱ መስሏቸው ደማቸው ከፍ ብሎ ሐኪም ቤት ገብተዋል። የታችኛውን ፍርድ ያሸነፉት እሳቸው ነበሩ።

ዳኝነት የሚለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አንድም የዳኛው ሥራ ነው። አንድም ከሳሽ ከፍርድ ቤቱ የሚለምነው ነገር ነው፤ ከክሱ ግርጌ «የሚጠየቅ ዳኝነት» ብለን የምንጽፈው። አንድም መዝገብ ሲከፈት የሚከፈለው ገንዘብ ነው። አንድ ጎረምሳ «ዳኝነት ክፈል» ሲባል ጉቦ የተጠየቀ መስሎት ከመዝገብ ቤት እየሮጠ ወደ እኔ መጥቷል። ገንዘቡ ከጠፋ መውጫ አለ፤ አቅም የሌለው ሰው «በድሃ ደንብ» ልክሰስ ብሎ ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ከተቀበለው ሳይከፍል መዝገቡ ይከፈትለታል። ሰው ግን ድሃ ነኝ ብሎ መጻፍ ያፍራል። ስንቱን ቃል ለውጥልኝ ብለውኛል፤ ሕጉ ግን የሚያውቀው ይህንኑ ቃል ነው።

የወንጀሉ ጎራ ቃላት ይበልጥ ያስፈራሉ። የተያዘ ሰው መጀመሪያ ተጠርጣሪ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ከተያዘበት ወደ ፍርድ ቤት የሚያደርሰው የመንገድ ጊዜ ሳይቆጠር። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ «የጊዜ ቀጠሮ» ይጠይቃል፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም። የእኛ ሰፈር ይህን ቃል የለመደው በመከራ ነው። ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ እዚሁ ፒያሳ ነበር፤ ተጠርጣሪዎች ለጊዜ ቀጠሮ የሚቀርቡበት አራዳ ምድብ ችሎትም በየዜናው ስሙ ይነሣ ነበር። ስንቅ የያዙ እናቶች «ስንት ቀን ሰጡት?» ብለው ሲጠያየቁ ሰምቼ አድጌበታለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ክስ ሲመሠረት ተጠርጣሪው ተከሳሽ ይሆናል፤ ጥፋተኛ ተብሎ ሲቀጣ ነው ፍርደኛ የሚባለው። በመካከላቸው አንድ ቃል አለ፤ ብይን። አንዲት እናት ቀለበቷን ልትሸጥ ወደ ወርቅ ቤቶቹ ስትሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ዓይኗ አብጧል። «ለልጄ የእስር ቤት ስንቅ ነው፤ ዛሬ ልደታ ተፈረደበት» አለች። ምን አሉ ዳኛው? ብላት «እንዲከላከል ብይን ሰጥተናል» ማለታቸውን ነገረችኝ። ይህ ፍርድ አይደለም! ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኞች አንድ ጥያቄ ይመረምራሉ፤ ማስረጃው በቂ ነው ወይ? በቂ ካልሆነ ተከሳሹ አንድም ምስክር ሳይጠራ በነጻ ይሰናበታል፤ ነገሩ መልስ ያሻዋል ካሉ «ይከላከል» ይላሉ። ብይን በክርክሩ መሀል የሚቆረጥ ነገር ነው። ትዕዛዝ ደግሞ አድርጉ ወይም አታድርጉ የሚል ነው። ፍርድ ነው ዋናውን ነገር የሚዘጋው። እናቲቱ ቀለበቷን ጣቷ ላይ መለሰች። ልጁ መከላከያ ምስክሮቹን አሰማ፤ በነጻ ተሰናበተ።

ከቅጣት በኋላ ያሉትንም ሰው ያምታታቸዋል። አመክሮ ማለት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰና ጠባዩ የታረመ ፍርደኛ የሚለቀቅበት ነው። ይቅርታ ለተፈረደበት ሰው ከቅጣቱ የሚሰጥ ነው። ምሕረት ግን በሕግ ይታወጃል፣ ድርጊቱንም እንዳልተደረገ ይቆጥረዋል። «በምሕረት ወጣ» የተባለልኝ ሰው ሁሉ ስጠይቅ በአመክሮ የወጣ ነው።

በዚያው ሳምንት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ደወለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «አጎቴ፣ ፌዴራል ፍርድ ቤት ጠራኝ።» የደረሳትን ወረቀት ፎቶ ላከችልኝ። እንግሊዝኛዬ የታይፕ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ቢሆንም ይህችን አላጣኋትም። ግሪንቤልት ካለው ፍርድ ቤት የመጣ የጁሪ ጥሪ ነው። ዜግነት ወስዳ ለምርጫ ተመዝግባለች፤ ስሟ ከመራጮች መዝገብ በዕጣ ወጥቷል። «አንቺን አልከሰሱሽም፤ ፍረጂ እያሉሽ ነው» አልኳት። ዝም አለች። «እኔ? ነርስ እኮ ነኝ!»

የአሜሪካ ነገር እዚህ ላይ ከእኛ ይለያል። በፌዴራል የወንጀል ችሎት ላይ ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም የሚሉት እንደ እሷ ከመንገድ የተጠሩ 12 ሰዎች ናቸው፤ 12ቱም መስማማት አለባቸው። ዳኛው ሕጉን ይነግራቸዋል፣ ቅጣቱን ይወስናል። የቀን አበላቸው 50 ዶላር ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ ከ16 እስከ 23 ሰው የሚቀመጥበት ትልቁ ጁሪ አለ፤ የእሱ ሥራ መፍረድ ሳይሆን ይህ ሰው ይከሰስ አይከሰስ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ይህን የሚለው ዐቃቤ ሕግ ነው። ይህ ሁሉ ዝግጅት እያለ ግን እዚያ አብዛኛው የፌዴራል ወንጀል ክስ ተከሳሹ አምኖ ጁሪ ፊት ሳይደርስ ያልቃል።

ለእህቴ ልጅ የነገርኳት ሌላ ነው። በቀድሞ ዘመን አገራችን ላይ ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ይሉ ነበር፤ መንገደኛው በቅሎውን አስሮ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ እነሱም በላ ልበልሃ እያሉ ይሟገታሉ። ያልተስማማው ወደ ላይ እስከ አፈ ንጉሡ፣ ከዚያም እስከ ንጉሡ ችሎት ይሄዳል። «አያትሽ እንዲህ መንገድ ላይ ተይዞ ዳኝቷል» አልኳት። ሳቀች። እውነቴን ነው፤ አባቴ ነው ያጫወተኝ።

የዚያ ዘመን ቃል አሁንም አፋችን ውስጥ አለ። የአራዳ ገበያ ጊዮርጊስ ፊት በነበረበት ጊዜ ባለዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ እጅ ለእጅ ታስረው እስኪዳኙ ድረስ አብረው ይዞሩ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» የምንለው ከዚያ የተረፈ ነው፤ ሰንሰለቱ ወልቆ ዓይኑ ቀረ። ከታች ደግሞ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለ። ሰው በሌሊት ተዘርፎ እሪ ቢል የሚደርስለት ስለጠፋ የወጣ ስም ነው ይባላል። ያ ሰፈር ስሙ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ እዚያው አካባቢ በቀን «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሰው ባለበት ይቆም እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ።

«ፌዴራል» የሚለውን ቃል የእህቴ ልጅም ደንበኞቼም እኩል ይፈሩታል። ከባድ ወንጀል ማለት ይመስላቸዋል። ፍርድ ቤቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ ብቻ ነው። አሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት፤ ከእነሱ ጎን ለጎን 94 የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች፣ በላያቸው 13 የይግባኝ፣ ከሁሉ በላይ 9 ዳኞች ያሉት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። እኛም ክልሎች የራሳቸው ሲኖራቸው የፌዴራሉ መጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ተብሎ በሦስት ተደርድሯል። ልዩነቱ፣ እዚያ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሲሆን እዚህ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሌላም አለ፣ የከተማው ፍርድ ቤት። የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ይህን ያላወቀ ስንቱ ሰው ፌዴራል ሄዶ ተሰልፎ «የዳኝነት ሥልጣን የለንም» ተብሎ ተመልሷል። ተሸነፍኩ ብሎ ያለቅሳል። በር ነው የሳተው።

ከአሜሪካው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጋር የተያያዘ አንድ የእኛ ታሪክ አለ፤ ቃላቱን ሁሉ ስለሚያሳይ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሱን እነግራለሁ። በቀይ ሽብር ዘመን ከፍተኛ 9 የሚባለው የአዲስ አበባ አስተዳደር ክፍል ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ ኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ አትላንታ አንድ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ። በዚያው ሆቴል የምትሠራ ኢትዮጵያዊት በእሱ ትእዛዝ የተሠቃየች ነበረችና አወቀችው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት። የከሰሱት በፍትሐ ብሔር ነው፤ የግል ሰው ወንጀል መክሰስ አይችልምና። መሠረታቸው ከ1789 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ፣ የውጭ ዜጋ በዓለም አቀፍ ሕግ ጥሰት የደረሰበትን ጉዳት እዚያው እንዲጠይቅ የሚፈቅድ አሮጌ ሕግ ነው። ጁሪ አልተቀመጠም፤ ዳኛው ብቻውን ሰማ። ቀልቤሳ ጠበቃ ሳይዝ ለራሱ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ካሳ ተፈረደ። ይግባኝ አለ፤ በ1996 የይግባኙ ፍርድ ቤት አጸናው። አገር ቤት ደግሞ በወንጀል ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2002 በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2006 አሜሪካ መልሳ ላከችው። አንድ ሰው፣ አንድ ድርጊት፣ ሁለት አገር፣ ሁለት ዓይነት ክስ። እዚያ ገንዘብ፣ እዚህ እስራት። ይህን የሰማ ደንበኛ «ፍትሐ ብሔርና ወንጀል ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብሎ ዳግመኛ አይጠይቀኝም።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። ማታ 2 ሰዓት ላይ መልሱን ጨርሰን በሦስት ቅጂ አተምነው። አራት ገጽ ሊሆን የነበረውን አንድ ተኩል አደረግኩት፤ ዳኛ ለቅሶ አያነብም። በማግስቱ ቀረበች፤ መልሷ ተያይዞ ክርክሩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ሐምሌ ላይ ተመልሳ መጣች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። የፍርዱን ግልባጭ ዘረጋችልኝ። የዋስትናው ልክ ስላልተጻፈ አይጸናም፣ ክሱ ውድቅ ሆኗል።

«አሁንስ ጋሼ፣ ይኼ ብይን ነው ፍርድ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ፍርድ ነው።»

«እንግዲህ አለቀ?»

«ከሳሹ ከተፈረደበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ይግባኝ የማለት መብት አለው። ይግባኝ ካለ ደግሞ ሌላ መጥሪያ ይመጣልሻል፤ ያኔ ስምሽ መልስ ሰጪ ይሆናል። ከዚያም በኋላ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ሰው ሰበር ይሄዳል፤ ሰበር ምስክር አይሰማም፣ ማን ዋሸ አይልም፣ ሕጉ በትክክል ተሠርቶበታል ወይ ብሎ ብቻ ነው የሚያየው። ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል።»

ጣቷን እያጠፈች 60 ቀኑን ቆጠረች።

አንባቢ ሆይ፣ መጥሪያ የደረሰዎት እንደሆነ መጀመሪያ ቀኑን ይዩ፤ ቀጥሎ ችሎቱን፤ ከዚያ የተያያዘውን ማስረጃ አንድ በአንድ ያንብቡ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካለዎት በዚያው ቀን ይያዙ፤ ሴት ከሆኑና አቅም ካጠረዎት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ያማክራል። ከችሎት ሲወጡም ዳኛው የሰጡት ትዕዛዝ ነው፣ ብይን ነው፣ ፍርድ ነው ብለው ጸሐፊውን ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። እኔ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ፎቶ ኮፒው አጠገብ አለሁ። ብቻ በቀጠሮው ዋዜማ በ10 ሰዓት አትምጡብኝ።